ሁላችንም የጾምንበት ማድቤት

አሁን የምሠራው ካርቱም፣ ሶባ ሰፈር፣ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ አጥፋለሁ። ሥራው አይከፋም። ውሃ ሲኖር ቀኑ ቶሎ ይሄዳል። ከዚህ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ እኔም አላወራም። ከልጅነቴም ወሬ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ያኔም መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ተማሪ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ የክፍሉ ሴቶች ከጦርነቱ በፊት የት የት ይበሉ እንደነበር ያነሱ ጀመር። ወደ ካርቱም የተመለሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ስለ ፈረሰ ቤት ሲያወራ ቆይቶ ሳይታወቀው ወደ ምግብ ይገባል። አንዷ የኦምዱርማንን ዓሣ አነሳች፤ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ከነትኩሳቱ የሚበሉትን። ሐዋ የምትባለው ሳቂታዋ ደግሞ፣ "እኔ እንኳ ዐማራት ሰፈር የነበረው የእግር ሾርባ ነው የሚናፍቀኝ። ያቺ ሐበሻ ሐጃ የምትሠራው። ወላሂ፣ ባሌ እዚያ ሲወስደኝ ነበር የማይጨቀጭቀኝ፤ አፉ ሥራ ይዞ" አለችና አሳቀቻቸው።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ማጠፌን ቀጠልኩ። ያ ሾርባ የተቀቀለበትን ድስት ስንት ጊዜ እንደፈተግኩት አላልኳትም። ያቺ ሐጃ እትዬ ዘሀራ ናት። አፌ ያልተናገረውን እጄ ይጻፈው ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ካርቱም የገባሁት በመተማ በኩል ነው። አብረውኝ የመጡት ልጆች ሁሉም ቤት ሠራተኛ ሆኑ። እኔንም አንድ ቤት አስገብተውኝ ነበር፤ እመቤቲቱ ስታናግረኝ መሬት መሬት ስለማይ፣ "ይቺ ልጅ አትሰማም" ብላ በሳምንቱ መለሰችኝ። ከዚያ ከከተማው ዳር፣ ማዮ፣ አንዲት የአገራችን ሴት በከፈተቻት የቆርቆሮ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆንኩ። ወረቀት ስላልነበረኝ ከሻ መጣ ሲባል፣ ፖሊሶቹ አፈሳ ጀመሩ ማለት ነው፣ ከኋላ በኩል ወጥቼ ጎረቤት ግቢ እገባ ነበር። ጎረቤቶቹ ከዳርፉር ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ገባሽ ብለውኝ አያውቁም።

ማዮ ጤፍ ውድ ነው። ስለዚህ ሽሯችንን ሰው የሚበላው በኪስራ ነበር። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ዓይን የሌለው ነገር ነው። ሊጡን በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ እየጠረጉ ነው የጋለ ብረት ላይ የሚያሰፉት። መጀመሪያ ስጋግር ዓይን እንዲያወጣ ብዬ እጠብቀው ነበርና አረረብኝ። አንድ የጡብ ሠራተኛ ደንበኛችን አንሥቶ ወደ ፀሐይ እያሳየ፣ "ይሄ ኪስራ ነው ወይስ የጫማ ሶል?" አለ። በላው ግን። የኑባ ተራራ ሰው፣ የዳርፉር ሰው፣ የእኛ ሰው፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሽሮ በኪስራ ይበላ ነበር፤ ማንም ይህ የማን ምግብ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ሶባ፣ ሐኪም ቤት አጠገብ ያለ ፉል ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ዐም ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ፉል ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ባቄላው ሲለቀም ግን አንዲት ነቀዝ የበላችው ካለፈች ማሰሮውን ሙሉ ታመርረዋለች። አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ ማሰሮ ይጣዳል፣ መረቁ እንዲጠነክር ጭብጥ ምስር ይገባበታል፣ ከዚያ በዝግታ እሳት ይተዋል። ሲቀርብ በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ነው የሚደቆሰው። የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ አይብ ከላይ። ክንዴ የጠነከረው በዚያ ጠርሙስ ነው። ደንበኞቻችን በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱን ሳህን ለአራት ለአምስት ሆነው ይከቡታል። ዐም ኢድሪስ ሳይጠየቁ ጭልፋ ይጨምሩላቸዋል። "ተሳስቼ ነው" ይላሉ ሲያመሰግኗቸው።

ወደ ዐማራት የላኩኝም እሳቸው ናቸው። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺ አፍ የለሽም፤ እጅ ግን አለሽ" አሉኝ። "ዐማራት አንዲት የአገርሽ ሴት አለች። አፍ ያላት ሠራተኛ አትወድም፤ አፉ የሷ ብቻ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ሂጂ።"

ዐማራት መንገዱ ሁሉ በቁጥር ነው የሚጠራው። ምግብ ቤቱ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረ ባለ ግቢ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ወንበር ተደርድሯል። ከቀትር በኋላ የቢሮ ሰዎች፣ የኤምባሲ ሾፌሮች፣ ቤተሰቦች ይሞሉታል። ባለቤቱ ሐጅ ዑስማን ናቸው። ማድቤቱ ግን የእትዬ ዘሀራ ነበር።

እትዬ ዘሀራ የወሎ፣ የወረባቦ ሰው ናት። ካርቱም የገባችው በልጅነቷ ነው። ሱዳናዊ ሾፌር አግብታ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራለች። አማርኛዋ እንዳማረ ነው፤ ስትናደድ ግን ወደ ዐረብኛ ትሻገራለች፤ ስትጸልይም እንደዚያው። የከተማውን የምግብ ታሪክ የሰማሁት ከሷ ነው፣ ሽንኩርት እየላጥን።

"እኔ ስመጣ'ኮ የካርቱም ሰው ውጪ መብላት ያፍር ነበር" ትለኛለች። "ምግብ ቤት የሚገባ መንገደኛ ነው፣ አለዚያም ወንደላጤ። ሚስት ያለው ሰው ታይቶ እንደሆነ፣ ምን ሆነሃል፣ አኩርፋህ ሄደች እንዴ ይሉታል። ግሪኮቹ ኬክ ቤት ነበራቸው፤ ጭራቸው ላይ ደርሻለሁ። አንዷ ማዳም ዘንድ ሳህን አጥቤአለሁ፤ እንዳንቺ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተማሪው በዛ፣ ፉል በዳቦ ፈትፍቶ መብላት ጀመረ። ከዚያ ሶሪያዎቹ ከጦርነታቸው ሸሽተው መጡ፤ ወላሂ፣ ከተማውን እነሱ ናቸው ከቤት ያወጡት። ሻዋርማ በየመንገዱ። ሴቱ ከነልጁ ማታ ማታ ወጥቶ መቀመጥ የለመደው ያኔ ነው። አሁን ደግሞ ወጣቱ ዶሮ በካርቶን ነው የሚበላው። ይሁን፣ ይብላ። ግን ካርቶን ድስት አይሆንም።"

የሷ ሥራ እንዲህ ነው። የከብቱ እግር በእሳት ይለበለባል፣ በቢላ ይፋቃል፣ በሎሚ ይታጠባል። የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል። በሁለተኛው ላይ አረፋው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆማ ትገፍፋለች፤ ያን ጊዜ ሐጅ ዑስማንም ቢጠሯት አትሄድም። ከዚያ ሽንኩርት ሳይከተፍ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ። ለወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ጆሮዋን ታዘነብላለች። "ሲጮኽ ተይው" ትላለች፣ "ሲያጉረመርም ቲማቲሙን ጨምሪ። ዝም ካለ ረፍዶብሻል።" ጨው በማንኪያ ሰፍራ አታውቅም፤ በጭብጧ ነው። የምታደርገውም ሁልጊዜ ሰግዳ ስትመለስ ነው፤ በአዘቦት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ በረመዳን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከሚሰገደው ከዐስር በኋላ። ያኔ ሾርባው ወርዶ ልኩን ይዟል፤ ቀድሞ ጨው የገባበት ሾርባ ውሃው ሲተን ጨዉ ብቻ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከጭልፋው የእጇ ጀርባ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሰዋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ ማድቤቱ ውስጥ ማንም አያወራም።

እኔም ከአጣቢነት ወደ ላጭነት፣ ከዚያም ወደ ምድጃው አጠገብ ደረስኩ። አንድ ነገር ልናገር። አገር ቤት ብሆን ሙስሊም የባረከውን ሥጋ አልቀምስም ነበር። ካርቱም ግን ሌላ ሥጋ የለም። የመጀመሪያውን ዓመት በፉልና በምስር ነው የከረምኩት፤ ራሴን እስኪያዞረኝ ድረስ። በኋላ እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች መብላት ጀመርኩ። እትዬ ዘሀራ አንድም ቀን ብዪ ብላ አልጎተጎተችኝም። የጀመርኩ ቀን ብቻ፣ መቅኔ ያለበትን አጥንት መርጣ ሳህኔ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከተማውን ሁሉ ትኩሳት የያዘው ጊዜ እሷንም ጣላት። ስትመለስ ከስታ ነበር፤ ሌላ የተለወጠ ነገር አላየሁም። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ አፈላሁላትና ስጣደፍ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመርኩበት። ያወቅኩት የራሴን ስቀምስ ነው። ሮጬ ስሄድ ብርጭቆዋን አጋምሳዋለች።

"ተባረኪ የኔ ልጅ" አለችኝ፣ "ጥሩ ሻይ ነው።"

 ቆሜ አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አንብባ ወደ ብርጭቆው ተመለከተች። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"ምን ነበረበት?" አለች።

"ጨው።"

ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። ከዚያ፣ "ለማንም አትንገሪ" አለችኝ። "ምግብ የማትቀምስ ወጥ ቤት ምን ትባላለች? ምድጃው ነው ያለኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀማሿ እኔ ሆንኩ። ሰው እንዳያውቅ ጭልፋውን፣ "ያዢልኝ እስቲ" ብላ ትሰጠኛለች፤ እቀምሳለሁ፤ ጨው ካነሰው ሁለት ጣቴን አጋጥሜ ጎኔ ላይ አሳያታለሁ፣ ሎሚ ካነሰው አውራ ጣቴን። ልክ ሲሆን እጄን እዘረጋለሁ። ለእኔ ዓይነቷ ቃል ከማውጣት ይህ ይቀላል። ሾርባው ምንም አልጎደለውም። ደንበኛው እንዲያውም ትኩሳቱ ሐጃን አሳመራት ይል ነበር።

የሐጅ ዑስማን የወንድም ልጅ ሙዓዝ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እትዬን "እማ" ነው የሚላት። ከተማው ተቀይሯል፣ እኛም ሻዋርማና ግሪል እናምጣ፣ ሐጃም ትረፍ፣ ወንድ ሼፍ ይያዝ እያለ አጎቱን ይወተውት ነበር። ሐጅ ዑስማን፣ "ኢንሻላህ" እያሉ ያልፉታል። እትዬ ግን ያ "ኢንሻላህ" በተነገረ ቁጥር ድስት ስትፈትግ እጇ ይፈጥናል።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ሥጋ ነክ ነገር አልቀምስም፤ እትዬም የሁዳዴን ነገር ከወሎ ጎረቤቶቿ ታውቀዋለችና አልጠየቀችኝም። ዘዴ ፈጠረች። አስተናጋጆቹን አንድ በአንድ፣ "ና ቅመስ፣ ዛሬ ደግ ሆኛለሁ" እያለች ትጠራና ፊታቸውን ታነባለች። ቅንድቡ ከተነሣ በዝቷል፤ ከንፈሩን ከላሰ ልክ ነው። ልጆቹ ሐጃ ምን ነካት፣ ደግነት አበዛች ተባባሉ።

ከዚያ ሁዳዴው ሳይፈታ ረመዳን ገባበት። አስተናጋጆቹ ጾሙ። ኪስራ ጋጋሪዎቹ ጾሙ። እትዬ ጾመች። እኔም ጾሜ ላይ ነኝ። እስኪመሽ ድረስ በዚያ ማድቤት ውስጥ መረቅ የሚነካ አንድም ምላስ አልነበረም።

"ጨዉን እንስፈር" አለችኝ፤ እሷ! በዕድሜዋ ጨው ሰፍራ የማታውቀው። ለአንድ ድስት አንድ ኩባያ፣ አፉ በቢላ ተስተካክሎ። ሰፋሪዋ እኔ፣ የምትጨምረው እሷ፣ ከዐስር በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰላም አለፉ።

በረመዳን የካርቱም ሰው ምንጣፍ መንገድ ላይ አንጥፎ ነው የሚያፈጥረው። ሐጅ ዑስማንም ከግቢው ፊት ለፊት ያነጥፋሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ራሳቸው አስፋልቱ መሀል ቆመው የሚያልፈውን መኪና፣ ሪክሻ፣ እግረኛ፣ "ተፈደሉ! ወላሂ አታልፏትም!" እያሉ ያስቆማሉ። አንድ ዓርብ ቀን ደግሞ ከጀዚራ ሽማግሌ አጎቶቻቸው መጡ፤ አንድ ቢሮም ለሠራተኞቹ ኢፍጣር አዞ ነበር። ትልቁ ድስት ተጣደ።

ሐጅ ዑስማን ቀኑን ሙሉ ሲያጣድፉን ዋሉ። "ሐጃ፣ ያላ! ሐጃ፣ ደረሰ?" እኔ ጓሮ ኪስራ ዘንድ ነበርኩ። እትዬ ጥድፊያው ሲበዛባት፣ ያላደረገችውን አደረገች፤ እኔን ሳትጠብቅ ራሷ ጨዉን ሰፍራ ከመስገዷ በፊት ጨመረችና ኩባያውን አጥባ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄዳ ሰጋጃዋን ዘረጋች። እኔ ስገባ ሾርባው ወርዶ ልኩን ይዟል፤ ኩባያው ባዶና ንጹሕ ነው፤ እሷ ሶላት ላይ ናት። ጨው ገና ነው ማለት ነው አልኩ። ሁልጊዜ ሰግዳ ስትመለስ ነዋ። የሚሰግድን ሰው አይጠሩም። ጊዜ ላትርፍላት ብዬ ሰፈርኩና ጨመርኩ። ወደ ኪስራው ተመለስኩ።

ሊቀርብ ሲል የሾርባው ፊት ደስ አላለኝም። ጭልፋውን አንሥቼ አሸተትኩ። ጨው ደግሞ አይሸትም።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ እትዬ።

"ልቅመስ?"

"በሁዳዴ? የእግር መረቅ?" ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችው። "ጾምሽን በኔ ድስት አታፈርሺም። ማንም ለኔ ሲል ጾሙን እንዲያፈርስ አልፈልግም። አብሽሪ፣ ሰፍረናል።"

አዛን ተሰማ። ቴምር ተነሣ፣ ውሃ ተጠጣ፣ ሾርባው ዞረ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ አይ ነበር። የመጀመሪያውን ፉት ያሉት ትልቁ ሽማግሌ አጎት ናቸው። ሳህኑን አስቀመጡ። ጢማቸውን ጠረጉ። 

"ዑስማን" አሉ፣ "ይህን ከፖርት ሱዳን ነው ያስመጣኸው? ከባሕሩ ነው የቀዱት?"

አንዱ የቢሮ ሰው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ዓባይን ጠጥተን እንጨርሳለን" አለና ሳቅ ሆነ። የሱዳን ሰው እንግድነቱ ጥሩ ነው፤ የአሲዳ ገንፎውን በልተው፣ ማሰሮ ማሰሮ ውሃ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። ለእኔ ግን ሳቃቸው ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ። ሁለታችንም እንደጨመርን ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐጅ ዑስማን ማድቤት ገቡ። ሙዓዝ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆመ።

"ማነው የቀመሰው?"

 እትዬ ዘሀራ ጨርቅ ይዛ የደረቀውን ጠረጴዛ ትጠርጋለች።

"አጎቴ፣ እማ ደክሟታል" አለ ሙዓዝ በቀስታ። "ስንት ጊዜ ነገርኩህ። ከዒድ በኋላ ሰው እናምጣ። እሷም ትረፍ።"

የእትዬ እጅ ቆመ። ዕድሜ ልኬን ስጠየቅ ዝም ያልኩት እኔ፣ ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ።

"ማንም አልቀመሰም" አልኩ። "እኔም ጨምሬበታለሁ፣ እሷም ጨምራለች። አላወቅንም።"

"አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም?" አሉኝ ሐጅ ዑስማን። "ቀኑን ሙሉ መብላት ትችያለሽ።"

"እኛም ጾም ላይ ነን። ሥጋ አልነካም፤ ቅቤም።"

አዩኝ። አስተናጋጆቹን አዩ። ኪስራ ጋጋሪዎቹን አዩ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ፣ "አፍ የሌለበት ምግብ ቤት ነው የከፈትኩት?"

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘሀራ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችው።

"ልጅቷን ተዋት ሐጅ። ባትጾምም እኔ ነኝ መቅመስ የነበረብኝ። ምላሴ ሞቷል። ከትኩሳቱ ወዲህ ጨውና ስኳር አልለይም። እስካሁን እሷ ናት የቀመሰችልኝ።"

ሐጅ ዑስማን የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሐፍላ አውቶቡሱ ውስጥ እትዬ ቦርሳዋን አቅፋ መስኮቱን ስታይ ቆየችና፣ "ምድጃውን ከወሰዱብኝ የት እቆማለሁ?" አለችኝ። የት እኖራለሁ አላለችም፤ ቤትም ልጆችም አሏት። የት እቆማለሁ ነው ያለችው። ክንዷን ያዝኩ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ሐጅ ዑስማን ማድቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። ከእኔና ከእትዬ በቀር ሰው አልነበረም። ጭልፋውን አነሡ፣ ከድስቱ ቀዱ፣ እፍ አሉበት፣ ጠጡት።

"ያ ሐጅ!" አለች እትዬ ደንግጣ፣ "ጾም!"

"የለብኝም" አሉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። "ስኳሬ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ብትጾም ትሞታለህ ብሎኛል። አላህ ያውቃል፣ ሚስቴ ታውቃለች። ሰው እንዳያየኝ መኪናዬ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ዳቦ ስበላ ነው የከረምኩት፤ እንደ ሌባ። አሁን እናንተም አወቃችሁ።" ጭልፋውን መለሱላት። "አንቺ ያንቺን ነገርሽኝ። እኔም የእኔን ነገርኩሽ። ሾርባው ተማም ነው፤ ምንም አይልም።"

እትዬ ዘሀራ አለቀሰች። ከዚያ በዕንባዋ መሀል፣ "ተማም ማለት ምንድነው? ጨው አለው የለውም?" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጡ። ቀማሽነት ግን አይችሉም። ውሃም ቢሰጧቸው ተማም ነው። አጥንተን ደረስንበት፤ አንዴ ብቻ ቀምሰው ከሄዱ የጎደለው ነገር አለ፤ ሁለተኛ ጭልፋ ካነሡ ልክ ነው ማለት ነው። እትዬ ሦስተኛውን ሲያነሡ፣ "በቃ፣ ስኳርህ!" ብላ ክዳኑን ትደፋባቸዋለች። ምስጢራቸውን አንድም ሰው ከእኛ አልሰማም። ይህን የምጽፈው ባለቤታቸውን ጠይቄ፣ ሐጅ ዑስማን የሚያፍሩበት ዓለም ውስጥ ስለሌሉ ነው። አላህ ይማራቸው።

ለሙዓዝም ነገሩት፤ ሻዋርማህን በሩ ጋ ትከል፣ ምድጃው ግን የሐጃ ነው። አንድ ሶሪያዊ ወጣት መጣ፤ እትዬን ገና በሁለተኛው ቀን "ኻልቶ"፣ አክስቴ፣ ማለት ጀመረ። ከውጪ ሻዋርማ፣ ከውስጥ የእግር ሾርባ። ልጆች እዚያ፣ አባቶች እዚህ። ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም ነበር። እትዬ ዘሀራ እዚያ ምድጃ ላይ ጦርነቱ ቤቱን እስኪዘጋው ድረስ ቆማለች፤ ከሷ የወሰደው ሰው የለም። አሁን ገዳሪፍ ልጇ ዘንድ ናት። ስንደዋወል ስለ ጤናዋ ከመናገሯ በፊት ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ረመዳኑ ሳያልቅ መጣ። ሐጅ ዑስማን ዕረፊ ብለውኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ፣ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ገባሁ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ምን እሠራለሁ? እትዬ ከሁሉ ቀድማ፣ "እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ" አለችኝ። ትልቅ ትእዛዝ ስለነበር ማድቤቱ ሙሉ ነው። አስተናጋጆቹ፣ ኪስራ ጋጋሪዎቹ፣ ሶሪያዊው፣ ሙዓዝም ጭምር አሉ።

ከዐስር በኋላ ሐጅ ዑስማን መጡ። በሩን አልዘጉትም። ጭልፋውን ከመስቀያው አውርደው ለእኔ ሰጡኝ።

"ዒድሽ ነው" አሉኝ። "ዛሬ አንቺ ነሽ የምትበዪው።"

ሁሉም ያየኛል። ሁሉም ጾመኛ ነው። ቀዳሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ቀመስኩ። ጾሜን የፈታሁት በዚያ መረቅ ነው፤ ቅባቱ ጉሮሮዬን እያሞቀው ሲወርድ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ከዚያ እንደ ልማዴ ሁለት ጣቴን አጋጥሜ ጎኔ ላይ ያዝኩ።

እትዬ ዘሀራ አላየችኝም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠበቅኳት። ቀና አላለችም። ምልክቴን የማታውቀው ይመስል መክተፏን ቀጠለች።

"እትዬ" አልኩ። ድምፄ ወጣ። "ጨው ይጎድለዋል። ሎሚውም ትንሽ በዝቷል።"

ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሳቁን አፈነ። በዚያ ቤት እሷን ሎሚ አበዛሽ ያላት ሰው የለም። እትዬ ቢላዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከቆርቆሮው ጨው በጭብጧ አወጣች። ድስቱ ላይ ዘርግታው ቀስ እያለች ለቀቀችው፤ ድስቱን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር።

"በቃ" አልኳት።

እጇን ጨበጠች። የተረፈውን ወደ ቆርቆሮው መለሰችና ድስቱን ከደነችው።